የአንድ ብር ሙከራ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የንስሐ አባቴ "ሌላስ ልጄ?" እያሉ ሲጠይቁኝ ጾም መግደፌን፣ መጠጤን፣ ከወንድሜ ጋር መኳረፌን ዘርዝሬ፣ ይህችን ግን እየዘለልኩ ተነስቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። እሳቸው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ይሸኙኛል፣ እኔ ግን ከነሸክሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እናንተን አላውቃችሁም፤ ስትሰሙኝም ፊታችሁን አላይም። የደፈርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስሜ መላኩ ነው። መርሳ ላይ፣ አስፓልቱ ዳር፣ አንዲት ኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሱቅ መክፈትን ከቪዲዮ ተምሬ "ድረ ገጽ እንሠራለን" ብዬ በሬ ላይ ለጠፍኩ። የሳቀብኝ ብዙ ነው። አምኖ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እትዬ ሐዋ።

እትዬ ሐዋ ጋቢ ነጋዴ ናቸው። ጥጡን ለፈታዮች ያከፋፍላሉ፤ ፈትሉ ሲደርስ አጠገባችን ባለችው ግራና ለሚኖሩት ሸማኔ ለጋሽ ይማም ይልካሉ። ጋሽ ይማም የሠሩት ጋቢ በአገራችን ስም ያለው ነው። እትዬ ሐዋ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን ያነባሉ ይባልላቸው ነበር። እኔን ማንበብ እንዴት አቃታቸው? ከልጅነቴ ስለሚያውቁኝ ይሆናል፤ ሰው ከልጅነቱ ያወቀውን ሰው መርምሮ አያየውም።

ገጹን የሠራነው ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ለአረፋ በዓል ነው። ልጃቸው ዘይነባ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ሐሳቡም የእሷ ነው። በግቢያቸው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን የመጀመሪያውን ገጽ አዘጋጀሁ፤ ላዩ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ዋጋው፣ ከዚያ የክፍያ አማራጮቹ። በባንክ ቁጥር፣ በሞባይል ገንዘብ፣ ወይም አዲስ አበባ መናኸሪያ ዕቃውን ሲረከቡ በእጅ። ፎቶውን ቤት ውስጥ ብናነሳው ጋቢው ጠቆረ። "አጥሩ ላይ ስቀሉት፣ በአስፓልቱ በኩል ብርሃኑ ጥሩ ነው" አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ ያዙልኝ፤ በአስፓልቱ በኩል ያልኩት እኔ ነኝ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ለዘይነባ፣ "በይ አሁን አንድ ብር ልከሽ ሞክሪ። ብሯ ከገባች መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው" አልኳት። ላከች። ለሱቁ ክፍያ ብለን የለየነው ስልክ ጮኸ። እትዬ ሐዋ ደንግጠው፣ "ምን አለ?" አሉ።

"አንድ ብር ገባ እትዬ።"

"አንድ ብር ምን ይሠራል?"

"ምንም አይሠራ። ደህና መሆኑን ይነግረናል።"

ዘይነባ ሳቀች። እትዬ ሐዋም ሳቁ። ይህንንም የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናገረው ነገር ባልኖረኝ።

መልእክት ማንበብ ስለማይችሉ የሱቁን ስልክ እኔ ዘንድ ተዉት። መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክፍያ ሲገባ አያለሁ፤ ትእዛዙን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ጋቢውን በአውቶቡስ ይልካሉ። አንድ ዓመት ያህል በደንብ ሠራ። ጋሽ ይማም እንኳ "ጋቢዬ ያላየሁትን አገር አየ" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። ከአላማጣና ከቆቦ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ በአስፓልቱ እየጎረፈ፣ ወታደር የጫነ መኪና ደግሞ ወደ ላይ እየወጣ፣ እኛ በሁለቱ መሐል ቆመን እናያለን። ከውርጌሳ እስከ ወልዲያ በየኬላው የሰፈር ወጣት ቆሞ መታወቂያ ያያል። ስልክ ይፈተሻል። ሰርጎ ገብ ገብቷል ይባላል። ዱሮ ሰላም የምንለውን ሰው ሰላም ከማለታችን በፊት ከላይ እስከ ታች እናየው ጀመር። ጋቢ የሚገዛ አልነበረም። ስልክ መደወልም አስቸጋሪ ሆነ፤ ጥሪው አልያዝ ይላል፣ ከያዘም ይቆረጣል። መልእክትና ኢንተርኔቱ ግን እየተንቀራፈፉም ቢሆን ይሠሩ ነበር።

እትዬ ሐዋ ግን ገበያ ሞቶም ወደ ቤቴ መምጣታቸውን አልተዉም። እንዲያውም አዘወተሩ። ከመግሪብ በፊት ብቅ ይላሉ፤ ወንበር ስሰጣቸው አይቀመጡም።

"መላኩዬ፣ ገባ ወይ?"

"አንድ ብር ብቻ ነው የገባው እትዬ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ፊታቸው ይበራል። ለአንድ ብር! ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ "ማነው ግን እትዬ ይህን የሚልከው?" አልኳቸው።

"ደንበኛ ነዋ።"

"አንድ ብር የሚልክ ምን ዓይነት ደንበኛ ነው?"

"አንተ ደግሞ! ይልቅ ይቺን ፎቶ ቀይርልኝ።"

የእጅ ስልካቸውን ይሰጡኛል። ሁልጊዜ ያው ነው፤ አጥሩ ላይ የተሰቀለ ጋቢ። አንድ ቀን ጥለቱ ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ። ያላቀያየርኩላቸው ቀን የለም። ገዢ በሌለበት፣ ሰው ነፍሱን ሊያድን በሚሯሯጥበት ሰዓት ፎቶ የሚያስቀይር ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም ነበር። መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ጥርጣሬ ሥራ ፈት አይደለም፤ አንዴ ከገባ ቤቱን ሁሉ ይበረብራል። መልእክቶቹን ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። የላኪው ስም ኪሮስ ይላል። ኪሮስ በእኛም አገር ሞልቷል፤ አብሮኝ የተማረ ኪሮስ አለ። የአባቱ ስም ግን የዚያ ማዶ፣ ጦርነቱ የመጣበት አገር ስም ነበር። ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጎላኋቸው። ከጋቢው ጀርባ አስፓልቱ ይታያል። በአንዱ ላይ የወታደር መኪና እያለፈ ነው፤ በሌላው ላይ ሁለት። "እሰይ፣ ደረስኩበት" አልኩ ለራሴ። መኪና እየቆጠሩ ነው። ቀይ ጥለት ሲሰቅሉ አንድ ነገር ማለት ነው፣ አረንጓዴ ሲሰቅሉ ሌላ። ብሯ ደግሞ ደረሰን ማለት ነው።

ጋቢውን በአስፓልቱ በኩል ስቀሉ ያልኳቸው እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር? አንድ ብር ደህና መሆንን ይነግረናል ያልኩት እኔ መሆኔንስ? አልረሳሁም። ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን የጠረጠርኩትን የሚያፈርስብኝን ነገር ሁሉ ገፋ እያደረግኩ አለፍኩት።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ መናዘዜ ከንቱ ነው። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ጥበቃ ኃላፊ ወደ ቤቴ ገብቶ ኮምፒውተሬን እያየ፣ "ይቺ ከማን ከማን ጋር ነው የምታገናኝህ?" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። "ከማንም፣ ለጽሕፈት ናት" አልኩት። ሲወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። በነጋታው እሱው ዘንድ ሄጄ በእትዬ ሐዋ ላይ ነገርኩ። እና አሁን ንገሩኝ፤ የነገርኩት አገሬን ብዬ ነው ወይስ ጣቱ ከእኔ ላይ ዞር እንዲልልኝ? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ለዓመታት የማላውቅ መስዬ ኖርኩ እንጂ አውቀዋለሁ።

የሱቁን ስልክ አሳየሁት። ስሙን አሳየሁት። ፎቶዎቹን አጉልቼ መኪኖቹን አሳየሁት። "ማን እንደነገረህ አትናገር" አልኩት፤ "ኧረ በፍጹም" አለኝ። ቃሉን ጠብቋል፤ እስከ ዛሬ ጠብቋል።

በገበያ ቀን፣ ፈትል ከሚሸጡት ሴቶች መሐል አስነስተው ወሰዷቸው። ከቤቴ በር ላይ ይታየኛል። "ምን አድርጌ ነው ልጆቼ?" ሲሉ ሰማኋቸው። ሻሻቸው ወደ ትከሻቸው ወርዶ በአንድ እጃቸው ሊመልሱት ይታገላሉ፣ አንዱን እጃቸውን ይዘዋቸዋል። በሬን ገርበብ አደረግኩት። የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ አስገብተው ቆለፉባቸው። ኃላፊው ሰው ልኮ "ያንን ገጽ ዝጋው" አለኝ። ዘጋሁት። በአንዲት ጣት ነው የተዘጋው።

ያን ዕለት ማታ አንድ ብር ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ገባ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስልኩ መሳቢያዬ ውስጥ ሲነዝር ዋለ፤ አንድ ብር፣ አንድ ብር፣ አንድ ብር። ሒሳብ እንዳይቆጥርባቸው ሚስኮል የሚያደርጉ ሰዎችን ታውቃላችሁ አይደል? እኛም እኮ መንገደኛ ሸኝተን "ስትደርስ ሚስኮል አድርግ" ብለን ነው ያደግነው። ያቺ አንድ ብርም ያው ሚስኮል ነበረች። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? "አያችሁ፣ ሰላያቸው ሲያዝባቸው ደነገጡ" አልኩ። መሳቢያውን ቆለፍኩት።

ብዙ አልቆየም፤ በወልዲያ በኩል የሚተኮስ ከባድ መሣሪያ መርሳ ድረስ ይሰማ ጀመር። ከተማው በግማሽ ቀን ተራገፈ። ጠባቂዎቹ የመጋዘኑን በር ከፍተው እትዬ ሐዋን ለቀቋቸው ሲባል ሰማሁ፤ ሄጄ ግን አላየሁም። ኮምፒውተሬን በአንሶላ ጠቅልዬ በአንድ አይሱዙ ጭነት ላይ ወጣሁ። ውርጌሳ ሳንደርስ፣ በመንገዱ ዳር ከሚጓዘው ሕዝብ መሐል እትዬ ሐዋን አየኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። የሚራመዱት እያነከሱ ነው። መኪናው ቀስ እያለ ስለነበር "ወራጅ አለ" ብል ይቆም ነበር፤ ቦታም ነበረ። የለበስኩት ከእሳቸው የገዛሁትን ጋቢ ነው። እሱኑ ወደ ላይ ስቤ ተከናነብኩ።

ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለልን። በየክፍሉ ዴስኩ ወጥቶ ቤተሰብ ቤተሰብ ይዞ ተኝቷል። አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስሰለፍ ከኋላዬ "መላኩዬ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አቅፈው ሳሙኝ። "አላህ አተረፈህ፣ አላህ አተረፈህ" እያሉ ጀርባዬን ይደባብሳሉ። እጄን ይዘው ወደ ክፍላቸው ወሰዱኝ። ዘይነባ ከጥግ ተኝታለች። ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ሰላም ስላት ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

እትዬ ሐዋ ወደ በረንዳ አውጥተውኝ ነገሩኝ። ኪሮስ የዘይነባ ባል ነው። ጥሩ ልጅ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፤ ግን በዚያ ሰሞን ስሙን ለሰው መንገር ፈርተው ደብቀውት ኖሩ። ዘይነባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስልክ አልያዝ ሲላቸው አንተ ያሳየኸን የአንድ ብር ሙከራ ትዝ አላት አሉኝ። ከባሏ ስልክ አንድ ብር ሲገባ ዘይነባ ደህና ናት ማለት ነው። ገጹ ላይ አዲስ ጋቢ ሲሰቀል ደግሞ እናትየው ደህና ናቸው። "አንተንም እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው ምንም ያልነገርኩህ፤ ብታውቅ ይጠይቁሃል ብዬ" አሉኝ። ለእኔ ፈርተው ነው።

ገጹ ሲጠፋ ዘይነባ እናቴ ሞተች አለች። ብሩን ደጋግማ ብትልክ መልስ የለም። ያንን ስም ይዞ በየኬላው ማለፍ ስለማይቻል ባሏ ሊመጣ አልቻለም፤ ለምኗት አልሰማ ብላው ብቻዋን ተነሳች። ሐይቅ ስትደርስ ምጡ አውቶቡስ ውስጥ ያዛት። ወንድ ልጅ ነበር። አልቆየም።

እናትየው በሽሽት ላይ ያገኟት እዚያው ሐይቅ ነው። እትዬ ሐዋ ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። መሬት መሬቱን እያዩ ነው የተናገሩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "የነገረብኝን አውቀዋለሁ" አሉኝ።

ጀሪካኔን አንስቼ ልሄድ አልኩ፤ እጄን ግን ያዙኝ።

"ይማም ነው። የኪሮስን ፎቶ ያሳየሁት ለእሱ ብቻ ነው። እህል ውኃ አብሬው ስቀምስ ኖሬ፣ ወላሂ ከእሱ አልጠበቅኩም። ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል? አንተስ ምን ትላለህ?"

እኔ ምን አልኩ? አሁን የደረስኩበት ቦታ ነው ዋናው። ፈርቼ ጠርጥሬያለሁ፤ ያኔ ያልጠረጠረ የለም ሊባል ይችላል። ፈርቼ ተናግሬያለሁ፤ ለዚያም ሰበብ የሚያቀብለኝ አላጣም። እዚያ በረንዳ ላይ ግን ማንም አላስፈራራኝም። አንዲት እናት እጄን ይዘው ጠየቁኝ፣ እኔ ያንን ሽማግሌ አሳልፌ ሰጠሁ።

"ሊሆን ይችላል እትዬ" አልኩ።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት በዚህ ቃል ላይ ነው።

ጊዜው አልፎ ወደ መርሳ ስንመለስ ቤቴ ተዘርፎ፣ የእትዬ ሐዋ የፈትል ማስቀመጫ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ቀስ በቀስ ቆሙ። ፈትላቸውን ግን ወደ ግራና መላክ ተዉ፤ ለሌላ ሸማኔ ሰጡ። ምክንያቱን ለሁለት ሴቶች ነገሩ፤ ገበያው በሙሉ አወቀው። ጋሽ ይማም ጠቋሚ ተባሉ። ግራና ገበያ ላይ ጋቢ ዘርግተው ይውላሉ፣ ሰው በሩቅ ዞሮ ያልፋል። ሴት ልጃቸውን ሊያገቡ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ቀሩ።

አንድ ቀን ጋሽ ይማም ቤቴ ድረስ መጡ። ከአቧራ ጋር ነው የገቡት፤ ከግራና በእግራቸው ነው የመጡት መሰለኝ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"መላኩ፣ አንተ ከሐዋ ቤት አትጠፋም። እኔ ምን አድርጌያት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ?"

"የአማቿን ፎቶ አሳየችኝ፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ አላህ ያኑረው አልኳት። ሌላ ያልኩት የለም። ንገራት፤ አንተን ትሰማለች።"

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ውኃ አቀረብኩላቸው። ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ። አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ነው አንድን ሰው የምክደው? መጀመሪያ በረንዳው ላይ፣ ቀጥሎ በገዛ ቤቴ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝም ባልኩበት ቀን ሁሉ።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ሐዋ መጡና፣ "ገጹን መልስልኝ፤ ዘይነባ በርቺ ብላኛለች" አሉኝ። ለሱቁ አዲስ ስልክም ገዝተው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "አንተው ያዘው። በዚህ ዘመን ከአንተ ሌላ ማንንም አላምንም።" አዲስ ፎቶ አነሳን፤ ይህን ጊዜ ከግቢ ውስጥ ነው፤ አጥሩ ላይ መስቀል አልፈለጉም። የባንኩን ቁጥር አስገባሁ፤ የሞባይሉን አስገባሁ። ሲያልቅ መሞከር አለበት። ከራሴ ስልክ አንድ ብር ላክሁ።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሐዋ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። በድንገት ዞሩ። ፊታቸው እንደዚያን ጊዜው በራ።

"ገባ?"

"ገባ እትዬ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ከዚያ ትዝ አላቸው። ብሩ የእኔ ሙከራ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ እንዳለፈ፣ ያ ልጅ እንደሌለ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በፊት ተቀምጠው አያውቁም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ መለስኩ።

ሲነሱ፣ "ገጹ ላይ 'ስለ እኛ' የሚለው ቦታ ላይ የፈታዮቹን ስም ጻፍ። የዚያን ሰውዬ ስም ግን እንዳታስገባ" ብለውኝ ሄዱ።

ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለምና ልትሰጡኝ አትችሉም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። ዘመኑ ክፉ ሆኖ ሳለ ጋሽ ይማም "ሸጋ ልጅ ነው" ብለው አልፈዋል። ዘመኑ ለእሳቸውም ያው ነበር።

ገጹን ዛሬ ከፍቼዋለሁ። ከጋቢው ፎቶ ሥር፣ ከክፍያ አማራጮቹ በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ይህን የጋቢ ሥራ የጀመሩት የግራናው ሸማኔ ጋሽ ይማም ናቸው።" ዘይነባ ሁልጊዜ ማታ ታየዋለች፤ አይታም ለእናቷ ደውላ ታነብላቸዋለች። አሁን ስልኩ ይሠራል። ነገ ከመግሪብ በፊት እትዬ ሐዋ እዚህ በር ላይ ይቆማሉ። "ያን ስም ማን አስገባው?" ይሉኛል። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ለምን ይሉኛል። ወንበሩን አስጠግቼላቸዋለሁ።